ከጥርስ ሕክምና በፊት ያሉት አራት ዓመታት

ኤፕሪል ወር ሲጋመስ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲያትል ወይም በሚኒያፖሊስ በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትጨርስ ሳምንታት የቀሯት ልጅ የጥርስ ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ ከተናገረች ቆይታለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የመቀበያ ደብዳቤዎች አሉ። አንደኛው ስሙ አዲስ አበባ ድረስ ከሚታወቅ የግል ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው፤ ስኮላርሺፑ ተቀንሶም በየዓመቱ ከቤተሰቡ የሚጠበቀው ክፍያ ከአንድ ሰው የዓመት ደመወዝ አይተናነስም። ሁለተኛው ከቤት አርባ ደቂቃ ከማይርቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ማንም ብዙ ያላነሳው ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሰፈር ውስጥ ባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ መዛወር። አባት "ይህን ስም ያየ ዴንታል ስኩል እንዴት እምቢ ይላታል?" ይላሉ። እናት ካልኩሌተሩን አንስተው የዓመቱን ክፍያ በአራት ያባዛሉ። ልጅቷ ዝም ብላ የሁለቱንም ፊት ታያለች። አብዛኞቹ ኮሌጆች መልሱን የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው።

እኔ በዚህ ክርክር የምቆመው ከካልኩሌተሩ ጎን ነው፤ ምክንያቴ ግን ቁጠባ ብቻ አይደለም። ጥርስ ሕክምና ለመማር ያሰበች ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ኮሌጇን ስትመርጥ ከስሙ በፊት ሦስት ነገሮችን መመዘን አለባት፤ በሳይንስ ኮርሶች ጠንካራ ውጤት ልታመጣበት የምትችል መሆኑን፣ ቢያንስ ሁለት የሳይንስ መምህራን በቅርብ ሊያውቋት የሚችሉበት መሆኑን፣ ያለ ዕዳ ወይም በጥቂት ዕዳ የምትወጣበት መሆኑን። ሦስቱም በስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ከተገኙ እሰየው። ካልተገኙ ግን ስሙ ብቻውን ጉድለቱን አይሞላም። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የፌደራል ብድር ሕግ ስለተለወጠ ሦስተኛው ነጥብ ከቀድሞው እጅግ ከብዷል። ብዙ ወላጆች ይህን ገና አልሰሙም።

የአባትየው ሐሳብ ከየት እንደመጣ መረዳት አይከብድም። በኢትዮጵያ ጥርስ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ አይዝም። ብሔራዊ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ውጤቱ ካደረሰው ጅማ ወይም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምናውን ይማራል፤ እዚያው ሐኪም ሆኖ ይወጣል። የገባበት ተቋም የሚመረቅበትም ነው፤ ስለዚህ የመግቢያው ቀን ዕጣ ፈንታን ይወስናል። በአሜሪካ መንገዱ ለሁለት የተከፈለ ነው። መጀመሪያ እውቅና ባለው በማናቸውም ኮሌጅ በአብዛኛው አራት ዓመት የሚወስድ የመጀመሪያ ዲግሪ አለ። ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ተወዳድሮ የሚገባበት፣ እንደገና በአብዛኛው አራት ዓመት የሚፈጅ ዴንታል ስኩል ይመጣል። የሥራ ፈቃድ የሚያሰጠው ሁለተኛው ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ትምህርት እውቅና ኮሚሽን ያጸደቃቸው ከ70 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከየትኛቸውም የተመረቀ ሰው ለብሔራዊው የፈቃድ ፈተና ይቀመጣል፤ የዚያ ፈተና ውጤትም "አልፏል" ወይም "አላለፈም" ብቻ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው ከየት እንደተገኘ ለፈቃዱ የሚጨምርለትም የሚቀንስበትም ነገር የለም። ታካሚም ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ባዮሎጂን የት እንደተማርሽ አይጠይቅም።

ጥያቄው እንግዲህ ወደ ሁለተኛው በር የሚያደርሰው ምንድን ነው የሚለው ነው። በየዓመቱ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ያመለክታሉ፤ ቦታ የሚያገኙት ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያሉት ናቸው። ማመልከቻው፣ ቴክሳስ ለራሷ የስቴት ትምህርት ቤቶች ካላት የተለየ ሥርዓት በስተቀር፣ በአመዛኙ አድሳስ በሚባለው ማዕከላዊ አገልግሎት በኩል ይሄዳል። ለመቶ ያህል ወንበር ከሺህ በላይ ማመልከቻ የሚደርሰው የቅበላ ክፍል ባልደረባ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ ፋይል ሲያይ መጀመሪያ የሚገጥሙት ቁጥሮች ናቸው፤ አጠቃላይ ጂፒኤ፣ የሳይንስ ጂፒኤ፣ የባዮሎጂ የኬሚስትሪና የፊዚክስ አማካይ፣ የመግቢያ ፈተናው የዲኤቲ ነጥብ። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ በ3.5 እና በ3.6 አካባቢ ነው። ቁጥሮቹ ካጠገቡት ወደ ድጋፍ ደብዳቤዎቹ፣ ከሐኪም ሥር ሆና ወዳሳለፈችው ሰዓት፣ ለምን ይህን ሙያ እንደመረጠች ወደጻፈችው ያልፋል። የኮሌጁ ስም እዚያው ፋይል ላይ አለ፤ ያየዋልም። ነገር ግን 3.1 የሚለውን ቁጥር ከፊቱ የሚያነሳለት አይሆንም።

ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ምርጫውን ራሱ ይለውጠዋል። አብዛኞቹ ዴንታል ስኩሎች ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላብራቶሪያቸው፣ በተጨማሪም ባዮኬሚስትሪና እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ ወይም ማይክሮባዮሎጂ የሚጨምሩም አሉ። ተማሪዋ በሁለተኛ ዓመቷ በአራት ክሬዲቱ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲ አመጣች እንበል። ኮርሱን ደግማ ኤ ብታገኝ ብዙ ኮሌጆች አዲሱን ውጤት ብቻ ቆጥረው የድሮውን ይተዉላታል። አድሳስ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል፤ 4.0 እና 2.0 ተደምረው ሲካፈሉ በዚያ ኮርስ ያላት 3.0 ነው። ይባስ ብሎ ስሌቱ ኮሌጅ ከመግባቷም በፊት ይጀምራል። ብዙ ሃይስኩሎች ተማሪዎቻቸውን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ያስመዘግባሉ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሳታስብበት ያመጣችው ሲ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ በዚህ ስሌት ውስጥ ብቅ ይላል። ትራንስክሪፕት አይረሳም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሳይንስ ኮርሶች በምን ዓይነት ክፍል፣ በምን ዓይነት ድጋፍ እንደምትወስድ መጠየቅ ከሁሉ የሚቀድም ነገር ነው።

የአንድ ትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ የሴፕቴምበር ማለዳ ይታይ። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪው አዳራሽ ሦስት መቶና አራት መቶ ሰው ይይዛል። መምህሩ በሙያው የተመሰገነ ተመራማሪ ነው፤ ስላይዶቹ በፍጥነት ያልፋሉ፤ ከኋላ ወንበር እጅ ማንሳት ድፍረት ይጠይቃል። ከአዳራሹ ግማሽ ያህሉ ሐኪም ወይም የጥርስ ሐኪም ለመሆን ያሰቡ ናቸው፤ ውጤቱ በክፍሉ አማካይ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ከሆነ የአንዱ ኤ የሌላው ቢ ይሆናል። ኢሌይን ሲሞርና ናንሲ ሂዊት በ1997 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት በመቶዎች የሚቆጠሩ የሳይንስ ተማሪዎችን አነጋግረው ነበር። ሳይንስን ጥለው የወጡት ከቆዩት ይልቅ በችሎታ የሚያንሱ ሆነው አላገኟቸውም፤ ከሁሉ በላይ ያማረሩት የማስተማሩን ጥራት ነበር፤ ይህን ቅሬታ ጸንተው የቆዩትም ይጋሩታል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች ላይ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዝግጅታቸው ዝቅ ብለው የገቡ አናሳ ተማሪዎች በጣም መራጭ ከሆኑት ቅርንጫፎች ይልቅ በሌሎቹ ቢማሩ ኖሮ በሳይንስ የመመረቅ ዕድላቸው ከፍ ይል ነበር ብሏል። ይህ መደምደሚያ በተመራማሪዎች መካከል ያከራክራል፤ እኔም ከሚገባው በላይ ክብደት አልሰጠውም። ከሁለቱ ጥናቶች የምይዘው ጠባብ ነገር ነው፤ ተማሪ ሲወድቅ ችሎታው ብቻ አይጠየቅም፤ የተቀመጠበት ክፍልም ይጠየቃል።

ስም ያለው የግል ኮሌጅ ሁሉ ውጤት ይሰስታል፣ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ይለግሳል ማለት አይደለም። እንዲያውም በብዙ ስመ ጥር ኮሌጆች ኤ የተለመደ ውጤት ሆኗል፤ በአንዳንድ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ እንደ ወንፊት ያበጥራል። ስለዚህ ምድቡን ሳይሆን ክፍሉን መጠየቅ ያሻል። የጄኔራል ኬሚስትሪ ክፍል ስንት ሰው ይይዛል? ላብራቶሪውን የሚያስተምረው ማን ነው? ነጻ የማስጠኛ ማዕከል አለ ወይ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንስ ይጨምራል? አማካሪው የጥርስ ሕክምናን መንገድ ያውቃል ወይስ ሁሉንም ከሕክምና ተማሪዎች ጋር አንድ ላይ ያያል? በጉብኝት ቀን የሚያስጎበኘው ተማሪ ስለ ምግብ አዳራሹና ስለ ጂሙ ብዙ ይናገራል፤ እነዚህን ጥያቄዎች ወላጅ ወይም ልጅ ራሳቸው ካላነሱ የሚያነሳቸው የለም። ከክፍሉ ስፋት ጋር የድጋፍ ደብዳቤውም ይያያዛል። ብዙ ዴንታል ስኩሎች ከሁለት የሳይንስ መምህራን ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ከአራት መቶ ተማሪ አንዷ የሆነችን ልጅ መምህሩ የሚያውቃት በውጤቷ ከሆነ ደብዳቤውም ከትራንስክሪፕቷ የተለየ ነገር አይናገርም። ሃያ አምስት ሰው ባለበት ክፍል ሁለት ሴሚስተር ያስተማራት፣ ላብራቶሪ ውስጥ ስትሳሳትና ስትታረም ያያት መምህር የሚጽፈው ሌላ ነው። የኛ ልጆች በዚህ በኩል አንድ ተጨማሪ ዕንቅፋት አለባቸው። መምህርን አክብሮ በሩቁ መቆም የተማሩ ስለሆኑ በቢሮ ሰዓቱ ሄዶ ወንበር ስቦ መቀመጥ ይከብዳቸዋል። ትንሹ ክፍል ይህን ያቀልላቸዋል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ቀላል ኮሌጅ ገብቶ ኤ መሰብሰብ ማንን ያታልላል? ማንንም አያታልልም፤ ዲኤቲ የተባለው ፈተና የተቀመጠውም ለዚህ ነው። አመልካቾች ሁሉ ከየትም ኮሌጅ ይምጡ አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ፤ 100 የባዮሎጂ፣ የጄኔራልና የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጥያቄዎች በ90 ደቂቃ፣ ከዚያ ንባብና ሒሳብ፣ በተጨማሪም በሌላ ፈተና ብዙም የማይታየው የእይታ ችሎታ ክፍል አለ። በዚህ ክፍል ተማሪዋ ታጥፎ የተበሳ ወረቀት ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ፣ አንድ ቅርጽ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያልፍ፣ ከቀረቡላት አራት የተለያዩ ማዕዘኖች የትኛው እንደሚጠብ በአእምሮዋ ታሰላለች፤ 90 ጥያቄ በ60 ደቂቃ። የነጥቡ ሚዛንም ከማርች 2025 ጀምሮ ተለውጦ ከ200 እስከ 600 ሆኗል፤ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች "20 አመጣሁ፣ 21 አመጣሁ" የሚሉት ከድሮው ሚዛን ነው። ባዶ ኤ ይዞ የቀረበ ተማሪ በዚህ ፈተና ይጋለጣል። በሚገባ የተማረ ደግሞ ስሙ ካልታወቀ ኮሌጅ ቢመጣም በተመሳሳይ ሚዛን ራሱን ያስመዝናል። ስለዚህ የምለው ቀላሉን ምረጡ አይደለም። የምለው ኬሚስትሪ በትክክል የሚማሩበትንና ትምህርቱ በውጤት ላይ የሚታይበትን ምረጡ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ እናትየው ካልኩሌተር እንመለስ፤ ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚመረው እዚህ ነውና። በአሜሪካ ከዴንታል ስኩል ዕዳ ይዘው የሚወጡ ተመራቂዎች አማካይ የትምህርት ዕዳ በቅርብ ዓመታት በ300 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። በአንዳንድ የግል ዴንታል ስኩሎች የአራቱ ዓመት ጠቅላላ ወጪ ከኑሮው ጋር ከ500 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ቀደም ሲል ይህን በአብዛኛው የሚሸፍነው ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌደራል ብድር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ያስቀመጠውን ወጪ እስከ ሙሉው ድረስ ያበድር ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች አስቀርቶታል። በምትኩ ጥርስ ሕክምናን ለመሰሉ የሙያ ትምህርቶች ከፌደራል መንግሥት መበደር የሚቻለው በዓመት እስከ 50 ሺህ፣ በድምሩ እስከ 200 ሺህ ዶላር ነው። አማካዩ ዕዳ 300 ሺህ፣ ጣሪያው 200 ሺህ ከሆነ የቀረው ከየት ይመጣል? ወይ ከቤተሰብ፣ ወይ ከስኮላርሺፕ፣ ወይ ከግል ባንክ። የግል ባንክ ደግሞ ገቢ ለሌላት የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ብዙ ጊዜ ብቻዋን አያበድርም፤ ጥሩ ክሬዲት ያለው አብሮ ፈራሚ (ኮሳይነር) ይጠይቃል። ያ ሰው በአብዛኛው አባት ወይም እናት ነው።

ይህ ቁጥር የመጀመሪያውን ዲግሪ ምርጫ በቀጥታ ይነካል። በወላጆቿ ሥር ያለች ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪዋ በራሷ ስም ከፌደራል መንግሥት መበደር የምትችለው በድምሩ 31 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ወይ ወላጅ በራሱ ስም በሚበደረው ፓረንት ፕላስ ይሸፈናል፣ ወይም በግል ብድር። የወላጅ ብድሩንም አዲሱ ሕግ በዓመት 20 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ላይ ገድቦታል። በሁለቱ ኮሌጆች መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 40 ሺህ ዶላር ቢሆን በአራት ዓመት 160 ሺህ ይሆናል። ቤተሰቡ ይህን ለመክፈል ቁጠባውን ጨርሶ፣ የቤቱን ዋጋ አስይዞ፣ የግል ብድር ላይ ፈርሞ ከሆነ ልጅቷ ዴንታል ስኩል በገባች ቀን ለሁለተኛው ጉድለት የሚፈርም አቅም አይኖረውም። ያኔ ልጅቷ ውጤት አላት፣ የመቀበያ ደብዳቤ አላት፣ መክፈያ ግን የላትም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ዓይነቱ ኪሳራ ነው፤ ምክንያቱም መከላከል የሚቻለው ከአራት ዓመት በፊት፣ ማንም ስለ ዴንታል ስኩል ክፍያ በማይናገርበት ወቅት ነው።

ገንዘብን ማስቀደም ግን የግል ኮሌጅን አስቀድሞ መሰረዝ ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦች በተቃራኒው ይሳሳታሉ። ድረ ገጹ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሁሉም ሰው የሚከፍለው አይደለም። ሃርቫርድ ከ2025-26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው ከ200 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ቤተሰቦች ልጆች የትምህርት ክፍያ እንዳይከፍሉ፣ ከ100 ሺህ በታች ከሆነ ደግሞ የመኖሪያውና የምግቡም እንዲሸፈን ወስኗል። ሀብታም የሆኑ ሌሎች ጥቂት ኮሌጆችም በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው ቦታ የተቀበላት የታክሲ ሹፌርና የነርስ ረዳት ልጅ ከስቴት ዩኒቨርሲቲው ይልቅ እዚያ ርካሽ ሊሆንላት ይችላል። የፌደራል ሕግ ከ2011 ጀምሮ ኮሌጆች የተጣራ ዋጋ ማስሊያ በድረ ገጻቸው እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል፤ የቤተሰብ ገቢ ሲገባበት የሚጠበቀውን እውነተኛ ክፍያ ይገምታል። ኮሌጁ በሚልከው የክፍያ ደብዳቤ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ስጦታውና ብድሩ "የገንዘብ ድጋፍ" በሚል አንድ ርዕስ ሥር ተደምረው ይመጣሉ፤ ብድሩን ከድምሩ ማውጣት የቤተሰቡ ሥራ ነው። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ እንዲታደስ ስንት ጂፒኤ እንደሚጠይቅም መታየት አለበት። ለሳይንስ ተማሪ 3.5 ካላመጣች የሚቋረጥ ስኮላርሺፕ ሙሉ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

የስም ደጋፊዎች ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃቸው የኢኮኖሚስቶች ጥናት ነው፤ በቅንነት መታየት ይገባዋል። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር በ2002 ባሳተሙት ጥናት በጣም መራጭ ኮሌጆች የተቀበሏቸው ግን ሌላ ቦታ የተማሩ ሰዎች ኋላ ያገኙት ገቢ እዚያው ከተማሩት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል። ነገር ግን ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡት መራጩ ኮሌጅ ጥቅም አስገኝቷል፤ በኋላ ባደረጉት ክትትል ደግሞ ለጥቁርና ለሂስፓኒክ ተማሪዎች፣ ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩትም እንዲሁ። ይህ የብዙዎቻችንን ልጆች ይመለከታል። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2023 ያወጡት ሥራም በጣም የታወቁት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪያቸውን ወደ ላይኛው የገቢ ጫፍና ወደ ስመ ጥር ድርጅቶች የማድረስ ዕድላቸውን በግልጽ እንደሚያሳድጉ አሳይቷል። ግን ጥቅሙ የሚመጣበት መንገድ ይታይ። ለኢንቨስትመንት ባንክና ለአማካሪ ድርጅት በር የሚከፍተው ትውውቁና ቀጣሪዎች ለስሙ የሚሰጡት ግምት ነው። ጥርስ ሕክምና በፈቃድ የሚሠራ ሙያ ነው፤ ፈቃዱን የያዘ ሁሉ በአንድ ገበያ ይሠራል፤ ገቢው የሚወሰነው በሚሠራበት ቦታ፣ ክሊኒክ በመያዙ ወይም በመቀጠሩ፣ ስፔሻሊስት በመሆኑና በተሸከመው ዕዳ ነው። ስለዚህ እነዚህ ጥናቶች ምን እንደምትሆን ላልወሰነች ተማሪ ብዙ ይላሉ። የጥርስ ሐኪም ለመሆን ለቆረጠችው ግን በ160 ሺህ ዶላር ልዩነት ስሙን እንድትገዛ አያስገድዷትም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን በሚመለከት አቋሜ ለዘብ ያለ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ሞንጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ለአካባቢያችን ሰዎች ምን እንዳደረጉ ሁሉም ያውቃል፤ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች የሚያሻግሩ ስምምነቶች አሏቸው፤ ክፍሎቹም አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ናቸው። ብዙ ዴንታል ስኩሎች ከዚያ የተወሰደ ኮርስ ይቀበላሉ፤ የክሬዲቱን ብዛት የሚገድቡ፣ ወይም የሳይንስ ኮርሶቹ በአራት ዓመት ኮሌጅ ቢወሰዱ የሚመርጡም አሉ። ስለዚህ ይህን መንገድ የያዘች ተማሪ ለማመልከት የምታስባቸውን አምስትና ስድስት ዴንታል ስኩሎች መመሪያ ገና በመጀመሪያው ዓመት ማንበብ አለባት፤ ከተዛወረች በኋላም ባዮኬሚስትሪን፣ ፊዚዮሎጂን ወይም ማይክሮባዮሎጂን በአራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ወስዳ በከባዱ ክፍል እንደምትችል ማሳየት ይኖርባታል። አደጋው የሚመጣው ከዝውውሩ ነው። በሦስተኛ ዓመት አዲስ ግቢ ገብቶ፣ መምህር ሳይተዋወቁ፣ በዚያው ዓመት ለዲኤቲ መዘጋጀት ከባድ ነው። ማመልከቻውን አንድ ዓመት ማዘግየትን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ቤተሰቡ "ለምን ዘገየሽ?" ከሚላት ይልቅ ይህን ዓመት ቢፈቅድላት ይሻላል።

አቀማመጥም ከስም የበለጠ ክብደት አለው። የስቴት ዴንታል ስኩሎች በአመዛኙ የስቴታቸውን ነዋሪ ያስቀድማሉ፤ ክፍያውም ለነዋሪ ይቀንሳል። በቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሌላ ስቴት የሚመጡት ከአሥር በመቶ እንዳይበልጡ ተገድቧል። ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው አካባቢዎች በዚህ የታደሉ ናቸው። በባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት በ1840 የተመሠረተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከ1881 ጀምሮ ያለው ሃዋርድ አለ፤ ለቨርጂኒያ ሪችመንድ፣ ለሲያትል፣ ለሚኒያፖሊስ፣ ለዳላስ፣ ለላስ ቬጋስና ለዴንቨር አካባቢ ደግሞ የየራሳቸው። ቤቷ አጠገብ የምትማር ልጅ የስቴት ነዋሪነቷ አያጠያይቅም። ዴንታል ስኩሎቹ የሚያዘጋጁትን የጉብኝት ቀን በአውቶቡስ ሄዳ ታያለች። ብዙዎቹ የሚመክሩትን ወደ መቶ ሰዓት የሚጠጋ ከሐኪም ሥር ሆኖ መታዘብ ደግሞ ወላጆቿ ራሳቸው በሚታከሙበት ክሊኒክ ልትጀምር ትችላለች። አማርኛዋም እዚህ ዋጋ ያወጣል። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ሲሠራበት አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ ፍላጎቱ ስላለ ነው። በነጻ ክሊኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንዲት እናት የድድ ሕመሟን ለሐኪሙ ያስረዳች ተማሪ በቃለ መጠይቁ "ለምን ጥርስ ሕክምና?" ስትባል ቃል አታማርጥም።

ኮሌጆች ስለ ራሳቸው የሚናገሩትን ቁጥር በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል። "ካመለከቱት ተማሪዎቻችን 85 በመቶው ይገባሉ" የሚል ኮሌጅ ካለ ማንን ቆጥሮ እንደሆነ ይጠየቅ። አንዳንድ ቦታ የኮሌጁ ኮሚቴ የጋራ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ጂፒኤያቸው ከተወሰነ ደረጃ በላይ ለሆኑት ብቻ ነው፤ የተቀሩት ሳያመለክቱ ይቀራሉ፣ ከስሌቱም ይወጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ጥርስ ሕክምና ብለው ከጀመሩት ውስጥ ስንቶቹ ለማመልከት በቁ የሚለው ጥያቄ ከመቶኛው የበለጠ ይናገራል። መልሱን ለመስጠት የማይፈልግ ኮሌጅ በራሱ መልስ ሰጥቷል።

ኮሌጁንና ዴንታል ስኩሉን የሚያያይዙ ጥምር ፕሮግራሞችም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው። ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ያለው የሰባት ዓመት ዓይነት፣ ወይም በካሊፎርኒያው ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ የሁለት ዓመት ኮሌጅና የሦስት ዓመት ዴንታል ስኩል መንገድ፣ ለተዘጋጀች ተማሪ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያተርፍላታል፤ ጭንቀቷንም ይቀንስላታል። ወላጆችን ከሁሉ የሚማርከው እንዲህ ያለው ነው፤ የለመድነውን የኢትዮጵያን አንድ በር ስለሚመስል። ነገር ግን ቦታው የሚጠበቅላት ጂፒኤዋን ጠብቃ፣ የሚፈለገውን ሁሉ አሟልታ ከሆነ ብቻ ነው፤ የሚገቡበት ዴንታል ስኩልም በአብዛኛው የግልና ውድ ነው፤ በአዲሱ የብድር ጣሪያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞም ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሕዝብ ጤናን ወይም ኮምፒውተር ሳይንስን ልትወድ ትችላለች፤ መብቷም ነው፤ ብዙ ሜጀር ባለበት የስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለ ዕዳ ያለች ከሆነ የምትለውጠው አማካሪዋን ብቻ ነው። ጥምር ፕሮግራም ውስጥ ከሆነች ግን ከመፈረሟ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ቦታዋ የሚጠበቅላት በስንት ጂፒኤና በስንት የዲኤቲ ነጥብ እንደሆነ፣ ሌሎች ዴንታል ስኩሎች ላይ ብታመለክት ቦታዋን ታጣ እንደሆነ፣ ከፕሮግራሙ ብትወጣ ስኮላርሺፑ እስከ ዲግሪዋ ይቀጥል እንደሆነ።